ሰልፉ ሲበተን ማስረጃውም ይበተናል

በሚቀጥለው ወር እዚህ ካምፓላ የስደተኛ ማኅበራችን አዲስ ኮሚቴ ይመርጣል። «ወረቀትና ሳጥን ወጪ ነው፤ ዕጩዎቹ ፊት ለፊት ይቁሙ፣ ሰው ሁሉ ከሚፈልገው ዕጩ ኋላ ይሰለፍ፣ ቆጥረን እንጨርስ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ያቀረቡት ሰዎች ክፉ አስበው አይመስለኝም። ግን ይህ አመራረጥ በምሥራቅ አፍሪካ ረጅም ታሪክ አለው። ከመወሰናችን በፊት ታሪኩን እንየው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከጎረቤት ኬንያ ልጀምር። ካኑ ከ1982 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሕግ የተፈቀደ ብቸኛ ፓርቲ ነበር። በ1986 በፕሬዚዳንት ሞይ ዘመን ፓርቲው ዕጩዎቹን በሰልፍ ለማስመረጥ ወሰነ። ኬንያውያን «ምሎሎንጎ» ይሉታል፣ ሰልፍ ማለት ነው። መራጩ ሜዳ ላይ ወጥቶ ከዕጩው ወይም የዕጩውን ፎቶ ከያዘው ወኪል ኋላ ይቆማል። በየካቲት 1988 የፓርላማ ዕጩዎች የተለዩት በዚህ መንገድ ነው። ከ70 በመቶ በላይ ያገኘ ደግሞ ያለ ተወዳዳሪ አልፏል ተባለ፤ በመጋቢት በተደረገው ምስጢራዊ ምርጫ ማንም አልገጠመውም። ስለዚህ በብዙ ቦታ ነገሩ ያለቀው ሜዳው ላይ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ኬንያውያን እስከ ዛሬ ያወሩታል። ረጅሙ ሰልፍ ተሸነፈ፣ አጭሩ አሸነፈ ተባለ። ሕዝቡ በዓይኑ ያየው ሌላ፣ የመንግሥት ሹሙ ያወጀው ሌላ። አቤት ሲባልስ? ይህን ነጥብ ልብ በሉልኝ። በወረቀት የተሰጠ ድምፅ ሳጥኑ ተከፍቶ እንደገና ሊቆጠር ይችላል። ሰልፍ ግን አንዴ ከተበተነ ማን ይቆጥረዋል? መራጩ ወደ ቤቱ ሄዷል፣ የቀረው የሹሙ ቃል ብቻ ነው። ሰልፉ ምስጢሩን ከመራጩ ወሰደ፣ ማስረጃውንም አብሮ ወሰደ።

አብያተ ክርስቲያናት ጮኹ። የኬንያ አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት መጽሔት የነበረው «ቢዮንድ» ስለ ምርጫው ስለጻፈ በዚያው ዓመት ታገደ፣ አዘጋጁም ታሰረ። ሚኒስትሩ ኬኔት ማቲባ በዚያው ዓመት የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ተጭበርብሯል ብለው በታኅሣሥ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ቁጣው እየበረታ ሲሄድ ካኑ ራሱ በታኅሣሥ 1990 ሰልፉንም የ70 በመቶውን ደንብም ሻረ። በዓመቱ የአንድ ፓርቲ ሕጉም ተነሣ።

አሁን ወደምንኖርባት ዩጋንዳ እንምጣ። እዚህ የሰልፍ ምርጫ የራሱ ምክንያት ነበረው፣ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። የ1980 ምርጫ ተሰርቋል ብለው ጫካ የገቡት የሙሴቬኒ ተዋጊዎች በየመንደሩ የተቃውሞ ምክር ቤቶችን አቋቋሙ። በ1986 ሥልጣን ሲይዙ ምክር ቤቶቹ በመላ አገሪቱ ተዘረጉ። መንደርተኛው ተሰልፎ መሪውን ይመርጣል። ሳጥን ከሌለ የሚሰረቅ ሳጥን የለም፣ ሁሉም ያያል ነው ነገሩ። ሳጥን ላታለለው ሕዝብ ይህ የሚያረካ መልስ ነበር።

ግን ይህንንም ተመልከቱ፦ በ1994 ሕገ መንግሥት የሚያጸድቀው ጉባኤ ሲመረጥ ድምፁ በምስጢር ተሰጠ። በ1996 ፕሬዚዳንት ሲመረጥም እንዲሁ። ሰልፉ የቀረው ለመንደሩ ነው። ለብዙ ዓመታት ሳይካሄድ የቆየው የመንደር ሊቀመንበሮች ምርጫ በሐምሌ 2018 ሲደረግም ሰዎች ከዕጩ ኋላ ተሰለፉ፤ ምክንያቱ ወጪ ነው ተባለ። በካባላጋላና በካንሳንጋ የምትኖሩ ወገኖቼ የመንደር ሊቀመንበር ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ። ነገ ደብዳቤ የምትጠይቀው ሰው ፊት፣ ዛሬ ከተቀናቃኙ ኋላ መቆም ቀላል ነው?

ምስጢራዊ ድምፅ ራሱ ከዚሁ ጥያቄ የተወለደ ነው። እንግሊዝ አገር መራጩ የመረጠውን ሰው ስም በአደባባይ ይናገር ነበር። የመሬቱ ጌታም አሠሪውም ይሰማሉ፤ ያልታዘዘ ጭሰኛ ይነቀላል። በ1856 በአውስትራሊያ ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ የታተመ ወረቀትና የተጋረደ ቦታ አመጡ፤ እንግሊዝ በ1872 ተከተለች። ዘዴው የተፈለገው በሌላ ሰው ቤት ለሚኖር፣ የሌላ ሰው እንጀራ ለሚበላ ድሃ ነው። ባለጸጋማ ማንን ፈርቶ ይደበቃል?

እኛስ? ከመሀላችን የአከራዩ ዘመድ የሚወዳደርበት አለ። የሚሠራበት ሬስቶራንት ባለቤት የሚወዳደርበት አለ። «ስሜ ከዝርዝር ይወጣ ይሆን?» ብሎ የሚሰጋ አለ። በዚያ ላይ ይሉኝታችን አለ። ከአገሬ ልጅ፣ ከክርስትና አባቴ፣ ካበደረኝ ሰው ፊት ዞሬ ከሌላው ኋላ እንዴት እሰለፋለሁ? በቀበሌ ስብሰባ «የተቃወማችሁ እጅ አውጡ» ሲባል ግራ ቀኝ አይቶ እጁን የሰበሰበውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉ» ለምትሉም መልስ አለ። ጋምቢያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሕዝቧን በብይ አስመርጣለች። በተጋረደ ቦታ ለእያንዳንዱ ዕጩ ቀለም የተቀባና ፎቶ የተለጠፈበት በርሜል ይቀመጣል። መራጩ አንድ ብይ ይሰጠዋል፣ በመረጠው ቀዳዳ ይጥላል፣ ውስጥ ያለው ደወል አንዴ ይጮኻል። ሁለቴ ከጮኸ አስመራጩ ይሰማል። ምስጢሩም ተጠበቀ፣ ቆጠራውም ሊደገም ይችላል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይኸው። ለእያንዳንዱ ዕጩ ፎቶ የተለጠፈበት አንድ ካርቶን፣ ከፊቱ በነጠላም ቢሆን መጋረጃ። ለእያንዳንዱ መራጭ ስሙ ከመዝገብ ከተመለከተ በኋላ የማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት አንድ ብጣሽ ወረቀት። ባቄላ ይሁን ያላችሁ ነበራችሁ፤ ባቄላ ግን ከቤቱ በኪስ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም! ቆጠራው በሁሉም ፊት ይሁን፣ ወረቀቶቹም የአቤቱታ ቀን እስኪያልፍ ታሽገው ይቀመጡ። ወጪው ከአንድ ቀን የቡና ሥነ ሥርዓት አይበልጥም።

ድምፅ ሲሰጥ መጋረጃ፣ ሲቆጠር አደባባይ። ሰልፍ ይህን ገልብጦታል። በስብሰባው ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የምትስማሙ ያን ቀን ተገኙ። ለማትስማሙም በሰላም እንከራከራለን።