ጓሳ ለማን ተከፈተ?

ማኅበራችን ስለ መንዝ ታሪክ፣ ባህልና የተፈጥሮ ሀብት በጀመረው ተከታታይ ገለጻ ሁለተኛው ተራ የእኔ ነበር። የመረጥኩት ርዕስ ጓሳ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ግማሹ ጓሳን በእግራቸው የረገጡ፣ ግማሹ ደግሞ እዚሁ ተወልደው በስልክ ምስል ብቻ የሚያውቁት ልጆቻችን ነበሩ። ገለጻው በዓመታዊ መጽሔታችን እንዲወጣ ስጠየቅ እንዳለ ልሰጥ አስቤ ነበር። ነገር ግን በመጨረሻ ላይ የተነሣ አንድ ጥያቄ ጽሑፉን እንደገና እንድጽፈው አስገደደኝ። ስለዚህ አስቀድሜ በዕለቱ ያልኩትን፣ ቀጥሎ ደግሞ ሳልናገር ያለፍኩትን አቀርባለሁ።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የውርጭ አገር ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛ በክረምት የሚደርበው ገሳም ከእሱ ይሠራል። ሣሩ መሐል አስታና ጅብራ ይበቅላል። ከተራራው በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውኃ በጀማ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል፤ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ወደ ቆላው ወርዶ አዋሽ ይገባል። ስለዚህ ጓሳ ሲራቆት የሚጎዳው የመንዝ ሰው ብቻ አይደለም።

አውሬውም የሚኖረው በሣሩ ነው። ሣሩ ውስጥ አይጥና ፍልፈል ይራባል፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ እነሱን አድኖ ያድራል። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል፤ ጥቂቶቹ የእኛው አገር ነዋሪዎች ናቸው። በጓሳ ለዓመታት ጭላዳ ዝንጀሮን ያጠኑ ተመራማሪዎች አንድ የሚገርም ነገር መዝግበዋል። ቀይ ቀበሮ ሣር በሚግጠው የጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25ቱ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸውን ስለማይነካ አይሸሹትም። ይህን ስናገር ልጆቹ ሁሉ ከስልካቸው ቀና አሉ።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባሁ፤ ወደ ቄሮ። ወጣቶቻችን ቃሉን በቅርብ ዓመታት በዜና ከሰሙት ጋር እንዳያምታቱት ማስረዳት ነበረብኝ። የመንዙ ቄሮ የጓሳ መጠበቂያ ሥርዓት ነው። አጀማመሩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ምድሩን ለሁለት ተካፍለው፣ ለልጅ ልጆቻቸው በጋራ እንዲጠቀሙበት ተዉላቸው። በእያንዳንዱ ወገን አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ በሕዝብ ፊት ይመረጣል። በየአጥቢያው ያለው ባለ መብት ደግሞ በተራ እየወጣ ይጠብቃል። ጥበቃ የቀረ ይቀጣል፤ በተዘጋው ምድር ሣር ሲያጭድ ወይም ከብት ሲያግድ የተገኘ ከዚያ የባሰ ይቀጣል።

ጓሳ እንደ ሣሩ እድገት ከ3 እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። ሣሩ ሲደርስ፣ በበጋው ድርቅ፣ የካቲት ወይም መጋቢት ገደማ «ተከፍቷል» ተብሎ ይታወጃል። መጀመሪያ ይታጨዳል፤ ከዚያ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ እንደገና ይዘጋል። ወረቀት የለ፣ የተቀጠረ ዘበኛ የለ፤ ሁሉም የሚያውቀው ቀን ግን አለ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስት ሥርዓት ቀረ፤ በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ፈረሰ። አስተዳደሩ ወደ ገበሬ ማኅበራት ሲዞር የአባ ቄራ ቃል ሰሚ አጣ። ጓሳን ሁሉም በፈለገው ጊዜ ይገባበት ጀመር። በገለጻዬ ላይ ይህን ዘመን «የጥፋት ዘመን» ብዬ ዘጋሁት። ጭብጨባውም ደማቅ ነበር።

ጭብጨባው ሲበርድ ከኋላ ወንበር አንዲት እናታችን እጃቸውን አነሡ። እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ አገሬን አስታወስከኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በየሦስትና በየአምስት ዓመቱ ይከፈት ነበር አልክ። ለማን?»

እኔም «ለሁሉም» አልኩ። አዳራሹ ዝም አለ።

«ለእኛ አልተከፈተም» አሉ። አባታቸው ከሌላ አገር መጥተው መንዝ የተቀመጡ ሸማኔ ነበሩ። የዘር ሐረጋቸው ከአስቦም ሆነ ከጌራ ስለማይቆጠር ጓሳ ላይ እጣ አልነበራቸውም። የቤታቸውን ክዳን የሚገዙት ሸማ ሠርተው ባገኙት ገንዘብ ነበር። «እኛ ቤት ጓሳ የተከፈተው በ67 ነው። አባቴ ማጭድ ይዞ የወጣ ዕለት እናቴ እልል አለች። አንተ የጥፋት ዘመን የምትለውን እኛ እንደዚያ አናውቀውም።»

መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ከእሳቸው ጥያቄ ይልቅ የራሴ ዝምታ ከበደኝ። የጥፋት ዘመን ስል ያጠፋውን ሰው እንደማላውቀው አድርጌ ነበር የተናገርኩት። በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ጊዜ እኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ጓሳ ወጥቶ ገና ያልደረሰውን ሣር አጭዶ ለከብቶቹ ሲያመጣ፣ አህያውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። አያቴ በዘመኑ የቄሮ ጠባቂ ነበር። ሸክሙን ሲያይ ገሳውን ደርቦ ከቤት ወጣ እንጂ አንድ ቃል አልተናገረም። አባቴ ግን ለራሱም ለእኔም የሚመስል መልስ ሰጠ፦ «እኔ ብተወው ሌላው ያጭደዋል።» እኛ እኮ የጌራ ዘር ነን የምንል ነን።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪክ አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ ይህ ነው። ቄሮ ጓሳን 300 ዓመት ያህል ያቆየው አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ሣር ስለሚወዱ አይደለም። የሚያጭደውና የሚጠብቀው አንድ ሰው ስለነበረ ነው። ተራውን ያልጠበቀ ይቀጣል፤ የጠበቀ ደግሞ የሚያገኘውን እጣ ያውቀዋል። የ1967ቱ አዋጅ የተከለከለውን ሰው መብት ሰጠው፤ ይህ ፍትሕ ነው። ነገር ግን መብቱ ሲሰፋ የጥበቃው ተራ አብሮ አልሰፋም። ስለዚህ አጫጁ በዛ፣ ጠባቂው ጠፋ። ጓሳን የጎዳው የሸማኔው ማጭድ አይደለም፤ እኛም እነሱም ያለ ጠባቂ ማጨዳችን ነው።

ደግነቱ አገር ቤት ያሉት ወገኖቻችን ይህን ከእኛ በፊት ተረድተውታል። ከደርግ በኋላ የጓሳ አዋሳኝ ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን መርጠው፣ መዝጋትና መክፈትን መልሰው፣ ከኅብረተሰቡ ጠባቂዎች መድበዋል። ሥፍራውም በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ታወቀ። ከድሮው የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለው፦ መብቱ የሚቆጠረው በአያት ስም ሳይሆን በነዋሪነት ነው። ከአሮጌው ቄሮ ተራውን፣ ከ67ቱ ደግሞ እኩልነቱን ወስደዋል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ለውጭ ነዋሪዎችም ይነግረናል። «ጓሳ የእኛ ነው» ማለት ይቀለናል፤ የጥበቃው ተራ ግን አይደርሰንም፣ ውርጩም አይነካንም። በአሮጌው ቄሮ ሕግ ቢሆን ተራውን ያልወጣ ሰው እጣ የለውም። ታዲያ የእኛ ተራ ምንድን ነው? ለጠባቂዎቹ የምናዋጣው ገንዘብ አንዱ ነው፤ በዚህ ዓመትም እንዳይቋረጥ አደራ እላለሁ። ሁለተኛው ደግሞ ታሪኩን ሳንቆርጥ መያዝ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥሉት ገለጻዎች አንድ ሐሳብ ለሥራ አመራሩ አቅርቤአለሁ። ተናጋሪው ከጨረሰ በኋላ ለጥያቄ 10 ደቂቃ ከመተው፣ ግማሹ ሰዓት ለአዛውንቶቻችን ይሰጥና ድምፃቸው ይቀረጽ። ርስት የነበረው ቤት ብቻ ሳይሆን የሸማኔው፣ የአንጥረኛው፣ የቆዳ ሠሪውና የሸክላ ሠሪዋ ቤትም ይናገር። ማጭድ ይዞ የወጣም፣ ገሳ ደርቦ የቆመም ይናገር።

እኒያ እናታችንን በስልክ አግኝቼ ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት አነበብኩላቸው። አንድ ማረሚያ ብቻ ሰጡኝ። «አባቴ መጀመሪያ የወጣ ዕለት ብዙ አላጨደም በልልኝ» አሉ። «ለአንድ ጎጆ የሚበቃ ብቻ ነው የወሰደው። የቀረው ለሌላው ይሁን ብሎ ተመለሰ።»

ይኸው ጻፍኩት።