የጭልፊት ድርሻ

ባለፈው በጀት ዓመት ማብቂያ የማኅበራችንን የብድር መዝገብ ስዘጋ አንድ ነገር ቆም ብዬ እንዳስብ አደረገኝ። ለዶሮ እርባታ ተበድረው ክፍያ ከዘገየባቸው እህቶች መካከል ብዙዎቹ በምክንያት ዓምድ ላይ የጻፉት የመኖ ዋጋ አልነበረም፤ ፈንግልም አልነበረም። «አውሬ በላብኝ» ይላል። አንዷ «ድመት»፣ ሌላዋ «ጭልፊት» ብላለች። አንዲት እናት ደግሞ ስሙን መጥራት የፈራች ይመስል «የሌሊቱ» ብላ ብቻ አልፋዋለች።

እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ፤ የሌላውን መዝገብ ይዤ የራሴን ልደብቅ አልችልም። ስምንት ቄቦች ገዝቼ ከጓሮ በቆርቆሮ ቤት ሠራሁላቸው። ወር ከሳምንት እንኳ በቅጡ አልቆዩም። አንድ ሌሊት በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ከቀረችው ስንጥቅ ሸለምጥማጥ ገባና ሲነጋ አምስቱን ሞተው አገኘኋቸው። የበላው አንዷን ብቻ ነው። አራቱን አንገታቸውን ነክሶ ትቷቸው ሄደ። እንቁላል መጣል ሊጀምሩ ጥቂት ሳምንታት ነበር የቀራቸው።

ከዚያ በኋላ ነው አያቴን ማስታወስ የጀመርኩት። አያቴ ይርጋለም ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ አርብታለች። የዶሮ ቤት የሚባል ነገር ግን አልነበራትም። ሽቦ አልገዛችም፤ አናጢ አልጠራችም። ታዲያ እንዴት ኖሩላት? ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ነገሩ ካሰብኩት በላይ ሩቅ ወሰደኝ።

ዶሮ የአገራችን ተወላጅ አይደለችም። የዱር ዘመዶቿ ያሉት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች ነው። እኛ ዘንድ ግን በጣም ቆይታለች። በምሥራቅ ትግራይ ጉሎ መኸዳ ውስጥ መዝበር የሚባል ጥንታዊ የገጠር መንደር አለ። አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ቆፍረው የዶሮ አጥንት አግኝተዋል። ዶክተር ሄሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ባሳተሙት ጥናት መሠረት የጥንቶቹ ዕድሜ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 እና 900 ዓመታት ይደርሳል። ይህ ማለት አክሱም ሳትነግሥ ዶሮ በገበሬ ጓሮ ትጭር ነበር ማለት ነው። በአፍሪካ ከተገኙት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት ውስጥ ይቆጠራል። እኔን ግን ከዕድሜው ይልቅ ቦታው ነው የገረመኝ። አጥንቱ የተገኘው በቤተ መንግሥት ወይም በመቅደስ አይደለም፤ ተራ ገበሬዎች በኖሩበት መንደር ነው። የዶሮ ታሪክ ከመጀመሪያው የጓዳና የጓሮ ታሪክ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በዚህ ሁሉ ዘመን ዶሮ የምታድረው የት ነበር? ከሰው ጋር ነው። ዛሬም በብዙ የገጠር ቤቶች እንደዚያው ነው። ከግድግዳው ጋር በተያያዘ አግዳሚ እንጨት ላይ፣ ወይም ከማድቤቱ ጢስ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ወጥታ ታድራለች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት እንኳ የዚህን ቤት አሠራር ያውቃል። በሲዳማ ባህላዊ ቤትም ቢሆን ከብቱ በአንድ ወገን፣ ሰው በሌላ ወገን ሆኖ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር የሚታደረው። አያቴ ማታ ማታ በሩን ስትዘጋ መጀመሪያ ቀና ብላ ቆጡን ትቆጥራለች፤ ከዚያ በኋላ ነው መወርወሪያውን የምትጥለው። ለዶሮዎቹ ዘበኛ እሷ ነበረች። በሩ ራሱ የዶሮዎቹ በር ነበር። ሸለምጥማጥ እሳት ካለበት፣ ውሻ ከሚተኛበት፣ ሰው ከሚያስልበት ቤት መግባት አይወድም።

በነገራችን ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ከዶሮ በፊት የራሱን ቤት ያገኘው ዶሮ በሊታው ነው። ጥርኝን ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት የሚዞር፣ ዶሮ ካገኘ የማይምር አውሬ ነው። በከፋና በጅማ አካባቢ ግን ጥርኝ ለዘመናት በእንጨት ቤት ተዘግቶበት፣ ሥጋ እየተቀለበ ኖሯል። ምክንያቱ ዝባዱ ነው። ዝባድ በበሬ ቀንድ ታሽጎ እስከ አውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች ድረስ ይሸጥ ነበር። ገንዘብ የሚያመጣው እንስሳ ቤት ተሠራለት፤ ዶሮዋ ግን የሴት ንብረት ናትና ቆጥ በቃት።

ቀን ደግሞ ሌላ ነው። የቀኑ ጠላት ጭልፊት ነው። ለእሱ አያቴ ሦስት ነገር ነበራት። አንደኛው እንቅብ ነው፤ ጫጩቶቹ ገና ለስላሳ ሳሉ ትደፋባቸዋለች። ሁለተኛው እኛ ልጆቹ ነን፤ ጥላ መሬት ላይ ሲዞር ባየን ቁጥር እየጮኽን እንሮጣለን። ሦስተኛዋ ግን ራሷ እናት ዶሮ ነበረች። የአገራችን ዶሮ ጭልፊት ሲያንዣብብ ከሩቅ ታውቀዋለች። አንድ የተለየ ድምፅ ታሰማና ጫጩቶቿ ከክንፏ ሥር ወይም ከእንሰቱ ግርጌ ይገባሉ። ቀለሟም ይረዳታል፤ ገብስማና ወሰራ ከሣርና ከአፈር ጋር ይመሳሰላሉ። ነጭ ዶሮ ጭልፊት ትጠራለች የሚሉት እናቶች ያለ ነገር አልነበረም።

ያም ሆኖ ብዙ ጫጩት ይሞት ነበር፤ የድሮውን ነገር ወርቅ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። በአገራችን ስለ ገጠር ዶሮ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚሉት ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ውስጥ ያልቃሉ፤ ዋናዎቹ ምክንያቶች በሽታና አውሬ ናቸው። አያቴም አሥራ ሁለት እንቁላል አስታቅፋ አምስት ካደጉላት ደስ ይላት ነበር። የቀረውን «የጭልፊት ድርሻ» ትለዋለች። አላለቀሰችም፤ ማልቀስም አያስፈልጋትም ነበር፤ እንቁላሉን የጣለችው የራሷ ዶሮ ናት፣ የታቀፈችውም እሷው፣ ጥሬውም ከደጅ የተለቀመ ነው። በሂሳብ ቋንቋ ስናገረው የሞተው ጫጩት በመዝገብ ላይ ዋጋው ዜሮ ነበር።

ይህ ሂሳብ የተለወጠው በአንድ ቀን አይደለም። እንደ አውሮፓውያን በ1950ዎቹ የጅማና የዓለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች የውጭ አገር ዝርያዎችን ማስገባት ጀመሩ፤ ነጩ ሌግሆርንና ቀዩ ሮድ አይላንድ ሬድ ከቀዳሚዎቹ ነበሩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ30 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው፤ የውጭዋ ተገቢውን መኖና እንክብካቤ ካገኘች ከ250 በላይ ትጥላለች። ከዚያ በኋላ መንግሥት በየዘመኑ አውራ ዶሮና ቄብ፣ የሚታቀፍ እንቁላልና ጫጩት ለገበሬው አከፋፈለ። የብዜትና የማሰራጫ ማዕከላትም በየቦታው ተከፈቱ፤ ሐዋሳም አንዱ አላት። በኋላ ከግብፅ ፋዮሚ፣ ከዚያም ቦቫንስ ብራውን፣ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ደግሞ በግል ማስፈልፈያዎች በኩል የፈረንሳዩ ሳሶ መጣ። ሳሶ ላባው ቀለም ያለው ስለሆነ በገበያ ከአገራችን ዶሮ ጋር ይቀራረባል፤ ሰው የወደደውም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

እነዚህ ዶሮዎች እንቁላል ለመጣል እንጂ ለመሸሽ አልተመረጡም። ለብዙ ትውልድ በተዘጋ ቤት ውስጥ ጭልፊት ሳያዩ የኖሩ ናቸው። ብዙዎቹ መታቀፍ እንኳ ትተዋል፤ የታቀፈች ዶሮ እንቁላል ስለማትጥል አርቢዎቹ ያንን ጠባይ እየለዩ አስወግደውታል። ሳሶም ለሥጋም ለእንቁላልም የተዳቀለች ከባድ ዶሮ ናት፤ አጥር ላይ ለመብረር ሰውነቷ አይፈቅድላትም። ከዚህ ውስጥ ፋዮሚ የተለየ ነው፤ ቀልጣፋና ድንጉጥ ስለሆነ ከአውሬ ያመልጣል፤ በዚያው ልክ ከባለቤቱም ያመልጣል። መንደር ውስጥ የተሰራጩት የውጭ ዝርያዎች በየጊዜው ውጤታቸው እንደታሰበው ያልሆነው በመኖ እጥረትና በበሽታ ብቻ አልነበረም። ዶሮዋ ተሰጠች፤ ዶሮዋ የምታድርበት ግን አልተሰጠም። እዚህ ላይ ጅማን ማመስገን ይገባል፤ የጅማ ግብርና ኮሌጅ ሰዎች ሃይ ቦክስ የሚባለውን ያለ መብራት የሚሠራ፣ በሣር የተሞላ የጫጩት ማሞቂያ ሣጥን ለገጠር እናቶች እንዲሆን አድርገው አስፋፍተዋል። ሰው ያሰበው እናት ለሌላት ጫጩት እናት መሥራትን ነው።

ለውጡ ምን ያህል እንደፈጠነ ቁጥሩ ይናገራል። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ጥናት በ2009 ዓ.ም. ከአገሪቱ ዶሮዎች ከመቶው 90 ያህሉ የአገር ዶሮዎች ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ግን ከ57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎች የአገሩ ድርሻ ወደ 79 በመቶ ወርዷል፤ 12 በመቶው ዲቃላ፣ 9 በመቶው የውጭ ዝርያ ነው። በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ደግሞ ዶሮና እንቁላልን ከዋናዎቹ ሥራዎች አንዱ ሲያደርግ፣ ከዚህ በፊት ዶሮ አርብተው የማያውቁ የከተማ ቤቶችም ገቡበት። ከማኅበራችን አባላትም ብዙዎቹ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ሐዋሳን ተመልከቱ። ከተማችን የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ነው፤ ይርጋለምን የመሰለ የቆየ መንደር አልነበረችም። ዛሬ አብዛኞቻችን የምንኖረው በተከራየነው ግቢ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ዶሮ ቆጥ ላይ ላሳድር ብትል አከራይህ ያስወጣሃል፤ ልጆችም ከአንድ ክፍል ውስጥ የት ይደረጋሉ? ስለዚህ ዶሮዋ ከቤት ወጣች። የእሳቱ፣ የውሻውና የሳሉ ጥበቃም አብሮ ቀረ። አውሬው ግን አልቀረም። በአሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳ ከሰው መሀል እንደሚቆም፣ ጭላትም ከላይ እንደሚዞር ሁላችንም አይተናል፤ ከዚያ ተነሥቶ ሰፈራችን እስኪደርስ የክንፍ ምት አይፈጅበትም። ባለቤት የሌለው ድመትና ውሻ በየመንገዱ ነው። ሸለምጥማጥም ዛፍና ጣሪያ እስካለ ድረስ ከተማ ይስማማዋል፤ ቀን ተኝቶ ሌሊት ይሄዳል፣ ግድግዳ ይወጣል፣ ጭንቅላቱ ባለፈበት ቀዳዳ ቀሪው ሰውነቱ ያልፋል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የራሴን ቆርቆሮ ቤት ሄጄ እንደገና አየሁት። በገበያ የምናገኘው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀጭን ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ያግዳል እንጂ አውሬው እንዳይገባ አያግድም፤ ውሻ ይበጥሰዋል፣ የሸለምጥማጥ እጅም ያልፍበታል። አሁን በመስኮቱ ላይ ያደረግሁት ጣት የማታስገባ በብየዳ የተሠራ ሽቦ ነው። ቤቱን በአራት ቋሚ ላይ ከመሬት አነሣሁትና ቋሚዎቹን በለሰለሰ ቆርቆሮ ጠቀለልኳቸው፤ ጥፍር እንዳይዝ። ውስጡም አግዳሚ እንጨት አለ፤ ዶሮ ዛሬም ከፍ ብላ ካልቆመች እንቅልፍ አይወስዳትም። የበሩን መቀርቀሪያ ግን እንደ አያቴ በእጄ ነው የምዘጋው፤ ዶሮዎቹን ከቆጠርኩ በኋላ።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። የማኅበራችን የዶሮ ብድር ቅጽ ሦስት ረድፍ አለው፤ የዶሮ መግዣ፣ መኖ፣ መድኃኒትና ክትባት። የቤት ረድፍ የለውም። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ወቀሳው ወደ ሌላ አይሄድም። ሳዘጋጀው በአእምሮዬ የነበረችው የአያቴ ዶሮ ናት፤ ቤት የማያስፈልጋት። በብድር የተገዛች ቄብ ግን በመዝገባችን ላይ ዋጋ አላት፤ ወለድም አላት። አያቴ ለጭልፊት የምትተወውን ድርሻ እኛ ልንተውለት አንችልም፤ የምንተወው የማኅበሩን ገንዘብ ነውና። ለጋሾቻችንም ቢሆኑ ስንት ዶሮ እንዳከፋፈልን ሲጠይቁን ስንቱ ከነቤቱ እንደሆነ አብረን ብንነግራቸው ይሻላል።

አንዳንድ እህቶች ቤት ከተጨመረ ብድሩ ስለሚበዛ የሚደርሰው ሰው ያንሳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ያንሳል። ስምንት ቄብ ለአምስት ሴት ከመስጠት አራት ቄብ ከጥሩ ቤት ጋር ለአራት ሴት መስጠት ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ቤቱ ዶሮዎቹ ካረጁ በኋላ ለሚቀጥሉት ይቆያል፣ በሂሳብ አያያዝም ቋሚ ንብረት ነው፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይቀነሳል እንጂ በአንድ ሌሊት ዜሮ አይሆንም። «የሌሊቱ» ብላ የጻፈችው እናት በመጪው ስብሰባ የቅጹን አራተኛ ረድፍ ከእኔ ጋር ለማቅረብ ፈቃደኛ ሆናለች። ቄቦቿ ከማለቃቸው በፊት በሰፈሯ ያለ ብየዳ ሠራተኛ ዋጋ ነግሯት ነበር፤ ያኔ በዛብኝ ብላ ተመለሰች፤ አሁን ያንን ዋጋ ይዛልን ትመጣለች።