ድሪቶና የችግር ዘመን

በእኛ አገር «ድሪቶ» ማለት ያጣ የነጣ ሰው ልብስ ስለ ሆነ፣ ስሙን በኩራት የሚጠራው የለም። በአሜሪካን አገር ግን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ መስፋት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እኛም በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን የሰጠውን አገልግሎት ልናወሳ ወደድን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ቁርጥራጩ እየተቀጣጠለ ገጹ ይወጣል፤ ከሥሩ የተባዘተ ጥጥ ይነጠፋል፤ ገበር ይደረግለትና ሦስቱ ባንድነት ይሰፋሉ።

በ1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ በኋላ ሥራ ፈቱ እየበዛ ሄዶ፣ በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበረ። ጨርቅ መግዣ ያጡ እናቶች የዱቄትና የከብት መኖ ከረጢት እየተረተሩ፣ የታተመበትን ስም በሳሙና እያስለቀቁ፣ ልብስና ብርድ ልብስ አደረጉት። ነጋዴዎቹም ይህን ባዩ ጊዜ ከረጢቱን በአበባ ሥዕል አስጊጠው ያወጡ ጀመር፤ ለርኅራኄ ሳይሆን ለገበያ ይመስለናል።

በ1933 ሲርስ የተባለው የንግድ ድርጅት በቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ምክንያት የብርድ ልብስ ውድድር ቢያወጣ፣ ከ20,000 የሚበልጥ ሥራ ቀረበ። አንደኛ የወጣችው ሴት ግን ብርድ ልብሱን ያሰፋችው በሌሎች ሴቶች እጅ ነበረ፤ እነርሱም ከሽልማቱ አልተካፈሉም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የጂስ ቤንድ ታሪክ ነው። ይህች በአላባማ ወንዝ የተከበበች መንደር ናት፤ ነዋሪዎቿም አያቶቻቸው በባርነት የኖሩ ጥቁር ጭሰኞች ነበሩ። በ1929 17 ሳንቲም ገደማ ያወጣ የነበረው አንድ ፓውንድ ጥጥ በ1931 ወደ 6 ሳንቲም ገደማ ወረደ። በ1932 ያበድራቸው የነበረው ነጋዴ ሲሞት፣ ወራሾቹ ስለ ዕዳው ከብቱንና የእርሻ መሣሪያውን፣ ለክረምት የተቀመጠውን እህል ሳይቀር ወስደው ሄዱ። ነፋስ በሚያስገባው የሳንቃ ቤት ውስጥ ልጆችን ከብርድ ያዳነ ያ ብርድ ልብስ ነው። ጥጥ አብቃዮቹ አዲስ ጨርቅ ስላልነበራቸው፣ ሴቶቹ ያለቀ የሥራ ሱሪ እየቀደዱ ይሰፉ ነበር፤ ኪሱ የተነሣበት ስፍራ ሳይደበዝዝ ጠቁሮ ይታያል።

ሚዙሪ ፔትዌይ ባሏ ከሞተባት በኋላ፣ በ1942 የሥራ ልብሱን ቀጣጥላ እርሱን እያሰበች የምትለብሰው ብርድ ልብስ ሠራች። ያ ብርድ ልብስ ከመንደሯ ሴቶች ሥራዎች ጋራ በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለሕዝብ ታየ።