የሚበላው እና የሚወጋው

ባለፈው ነሐሴ እናቴን ልጠይቅ ሂርና ሄጄ ሳለሁ፣ አንድ ማለዳ ዝናቡ ሲያባራ ከከተማው ወጣ ብዬ ግማሽ ሳህን አጋምና አንድ እፍኝ እንጆሪ ለቅሜ ተመለስሁ። እንጆሪ ስል በአዲስ አበባ በላስቲክ ዕቃ ታሽጎ የሚሸጠውን የፈረንጅ ዘር ማለቴ አይደለም። እኛ እንጆሪ የምንለው በወንዝ ዳር እሾሃም ሐረግ ላይ የሚያፈራውን፣ ጎረቤቶቻችን በኦሮምኛ ጎራ የሚሉትን ነው። የከተማው ፍሬ ስሙን ተሻማው እንጂ ስሙ የእርሱ ነበር።

ጊዜው ፍልሰታ ነበርና ሰላጣ ልሠራ አሰብሁ። ቅጠሉን አጥቤ በእጄ ቆራረጥሁ፤ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ከትፌ በጨውና በሎሚ አሸሁት፤ ፍሬው የወጣለት አንድ ቃርያ አከልሁ። አጋሙን ለሁለት እየሰነጠቅሁ ጨመርሁበት። አጋም እስኪጠቁር ድረስ ካልበሰለ ነጭ ወተቱ ከንፈር ያጣብቃል፤ ስለዚህ ቀያዮቹን ለይቼ ጣልሁ። እንጆሪው ሲነካ ይፈርሳልና በመጨረሻ፣ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ፣ በላዩ በተንሁት። መልኩ እጅግ ያማረ ሆነ።

እናቴ ሳህኑን ትኩር ብላ አየችና፣ «ልጄ፣ ይኼን ለሰው ታቀርባለህ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ራቅ ካለ ቦታ መጀመር ግድ ይላል። በ1763 እ.ኤ.አ. ፔር ፎርስኮል የተባለ፣ የታላቁ የሊኔዎስ ደቀ መዝሙር የነበረ የዕፀዋት ሊቅ በየመን ተራሮች ይዘዋወር ነበር። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዐረብ ምድር ከላካቸው ተመራማሪዎች አንዱ ነው። የየመን ደጋና የእኛ ጨርጨር ባሕር ይለያቸዋል እንጂ በቡናቸውም፣ በእርከናቸውም፣ በጫታቸውም ወንድማማች ናቸው። ፎርስኮል ያገኘውን ሁሉ እየመዘገበ ሳለ በዚያው ዓመት በሐምሌ ያሪም በተባለች ከተማ በወባ ሞተ። ጓደኞቹም አንድ በአንድ አለቁና ካርስተን ኒቡር ብቻ በሕይወት አገሩ ገባ። የሟቹን ማስታወሻ አደራጅቶ በ1775 እ.ኤ.አ. ያሳተመው እርሱ ነው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አጋምም ጫትም አሉ። የፎርስኮልን ሥራ መሠረት አድርገው የተነሡት ሊቃውንት አንዱን ካሪሳ ኤዱሊስ፣ ሌላውን ካታ ኤዱሊስ ብለው አጸኗቸው። ኤዱሊስ በላቲን «የሚበላ» ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱ የኮረብታችን ዕፀዋት ለረጅም ዘመን አንድ ቅጽል ተጋርተው ኖሩ ማለት ነው።

የኋላ ተመራማሪዎች ግን የአፍሪካውና የእስያው አጋም አንድ ዝርያ ነው አሉ። በስም አወጣጡ ሕግ መሠረት ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናልና፣ ከፎርስኮል መጽሐፍ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ሊኔዎስ ያወጣው ካሪሳ ስፒናሩም አሸነፈ። ስፒናሩም ስለ እሾህ የሚናገር ቃል ነው። ሕግ ሕግ ነውና ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን ጫት እስከ ዛሬ «የሚበላ» እንደተባለ ሲኖር፣ ልጅ ሁሉ የሚበላው አጋም ባለ እሾህ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ይገርመኛል። የእኛስ ተረት ቢሆን መቼ አዘነለት? «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ስንል ፍሬውን የሚያስታውስ አለን?

በምድሩም ላይ የሆነው ይኸው ነው። በልጅነቴ ማሳ ከማሳ የሚለየው የአጋም አጥር ነበር። ዛሬ ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሂርና የሚጓዝ ሰው የሚያየው በአብዛኛው ጫት ነው። ገበሬውን አልከስም፤ ጫት በየጊዜው ተቆርጦ ጥሬ ገንዘብ ያመጣል፤ አጋም ለማን ይሸጣል? የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሂርናን በሌላ ነገር ያውቋታል፤ በአገራችን የመጀመሪያው ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ»ን የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ያስተዳደሩ፣ በሂርናም እርሻ የነበራቸው ሰው ናቸው። አራዊትን በመድረክ ያናገሩ ደራሲ ይህን የአጋምና የጫት ሙግት ቢያዩ ኖሮ ሌላ ፋቡላ ባተረፍን ነበር እያልሁ አንዳንዴ በልቤ እስቃለሁ።

ወደ እናቴ ልመለስ። ይህን ሁሉ፣ የመንን፣ ላቲኑን፣ ሕጉን፣ አጫወትኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያም እስከዚያ ቀን ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ የእኛንም አገር አልማረም። እርሷ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ማሽላው ሳያሸት ደረቀ፤ ከብቱ ተሸጦ አለቀ። እርሷና ታናሽ እኅቷ ማለዳ ማለዳ እየወጡ አጋም ይለቅማሉ፤ በስሎም ሳይበስልም ይበላሉ፤ የተረፈውን በቀሚሳቸው ቋጥረው ለቤት ያመጣሉ። ታናሺቱ ግን ዓመቱን አልዘለቀችም።

«ስንገንዛት» አለች እናቴ፣ «ከንፈሯ በአጋም ጠቁሮ ነበር። እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ብትጠርገው፣ ብትጠርገው፣ አልለቅ አላት።»

የአክስቴን መኖር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስሟን ጠየቅሁ፤ ነገረችኝ፤ እዚህ አልጽፈውም። ለእኔ የልጅነት ጣፋጭ የሆነው ፍሬ ለእርሷ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ስንት ጊዜ አፌን አጥቁሬ በፊቷ ቆሜ ኖሯል! አንድም ቀን አልተቆጣችኝም፤ አፌን ብቻ ታጥበኝ ነበር።

ሳህኑን ላነሣ እጄን ስዘረጋ ከለከለችኝ። ሰላጣውን በላች፤ አጋሙን ግን እየለየች በሳህኑ ዳር ደረደረችው። ሲያበቃ፣

«ከወዴት ለቀምኸው?» አለች።

ከወንዙ ማዶ፣ ከአሮጌው መንገድ በላይ መሆኑን ነገርኋት።

«እዚያ አሁንም አለ እንዴ?»

«ጥቂት አለ፣ እማዬ።»

ከደረደረቻቸው አንዷን አንሥታ በሁለት ጣቶቿ ጨመቅ አደረገቻት። ወተት አልወጣትም።

«በስሏል» አለች።