የጭላዳ ቀለም፦ ዕድሜና ማዕረግ

ጭላዳ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ፣ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ የዝንጀሮ ወገን ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1835 ነው። በሰሜን ሸዋ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ የሚያዋስነው ገደል፣ ጣርማ በርና የመንዝ ጓሳ የታወቁ መኖሪያዎቹ ናቸው። በዚህ አካባቢ ያለው ጭላዳ ከሰሜን ተራሮቹ ዘመዱ ይልቅ ጠቆር ይላል። የእንስሳው ቀለም በሁለት መንገድ ይለወጣል። ጠጉሩ ዕድሜን ተከትሎ ይለወጣል፤ አንዴ ከተለወጠም ወደ ኋላ አይመለስም። የደረቱ ቆዳ ግን ሹመት ሲገኝ ይቀላል፣ ሹመት ሲሻር ይደበዝዛል።

ግልገሉ ሲወለድ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ግራም ቢሆን ነው። ፊቱ ቀላ ያለ፣ ጠጉሩ ግን ጥቁር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእናቱ ሆድ ሥር ተጣብቆ ይውላል፤ ጠንከር ሲል ጀርባዋ ላይ ወጥቶ ይጋልባል። እናቲቱ ቡናማ ስለሆነች ልጇ ከሩቅ ይለያል፤ መንጋውን ከመንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው እንኳ የቅርብ ጊዜ አራሶችን በቀላሉ መቁጠር ይችላል። ጥቁሩ ጠጉር ግማሽ ዓመት ገደማ ሲሞላው ለቡናማው ቦታውን ይለቃል። ተመራማሪዎች የልደት ቀኑን ያላዩትን ግልገል ዕድሜ የሚገምቱት ከዚሁ ተነሥተው ነው፤ «ጥቁር ግልገል» እና «ቡናማ ግልገል» ብለው ይመዘግቡታል።

አራስ ልጅ ከትልልቆቹ የተለየ ቀለም መያዙ በብዙ የጦጣና የዝንጀሮ ዝርያዎች ይታያል። የተለመደው ማብራሪያ ቀለሙ «ገና ሕፃን ነኝ» የሚል ምልክት ስለሆነ ትልልቆቹን ያለሰልሳል የሚል ነው። በጭላዳ ዘንድ ግን ይህ ማብራሪያ ግማሽ መንገድ ብቻ የሚያስኬድ ይመስላል። አዲስ አውራ የቀድሞውን አሸንፎ ቤተሰቡን ሲወርስ ከተሸነፈው የተወለዱትን ግልገሎች እንደሚገድል በሰሜን ተራሮች ታይቷል። ጥቁር ጠጉር እናትንና አክስትን ቢያራራም እንጀራ አባትን አያራራም።

ከዚያ በኋላ እንስቷ ብዙም ሳትለወጥ ታድጋለች፤ ክብደቷም 11 ኪሎ ግራም አካባቢ ላይ ይቆማል። ወንዱ ግን ወደ ስምንት ዓመቱ ሲጠጋ ሌላ እንስሳ መስሎ ይወጣል። ክብደቱ 18 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል፤ ከትከሻው የሚወርደው ጎፈርም ረዝሞ ሲቀመጥ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ዕድሜ በጠጉሩ ላይ የሚጽፈው ዋና ነገር እዚህ ላይ ያበቃል፤ የቀረውን የሚናገረው ደረቱ ነው።

በጭላዳ ደረት ላይ ጠጉር የሌለበት ቆዳ አለ፤ መሃሉ ጠበብ፣ ላይና ታቹ ሰፋ ያለ፣ በወንዱ ላይ ደግሞ ዙሪያውን በነጣ ጠጉር የታጠረ ነው። በብዙ ዝንጀሮዎች እንዲህ ያለው ምልክት የሚታየው መቀመጫ ላይ ነው። ጭላዳ ግን ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ፣ ሣር በጣቱ እየነጨ፣ ፈቀቅ ፈቀቅ እያለ ስለሚውል መቀመጫው ላይ ያለ ምልክት አይታይለትም። ምልክቱ ወደ ደረት የመጣው በዚህ ምክንያት ነው የሚለው ሐሳብ በተመራማሪዎች ዘንድ የቆየ ሲሆን፣ አሳማኝም ነው። በእንስቷ ደረት ዳርና ዳር ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን ውኃ የቋጠሩ፣ ዶቃ መሳይ እብጠቶች ይደረደራሉ፤ ሰሞኑ ሲያልፍ ይጎድላሉ።

የወንዱን ደረት በካሜራ ለክተው ያነጻጸሩት በሰሜን ተራሮች የሠሩት ቶር በርግማንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ቤተሰብ የሚመሩ አውራዎች ከላጤዎችና ከተከታዮች ይልቅ ደረታቸው የቀላ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከመሪዎቹም መካከል ብዙ እንስት ያላቸው ይበልጥ የቀሉ ነበሩ። ተከታይ የሚባለው በአንድ አውራ ቤተሰብ ጥገኛ ሆኖ የሚኖር ወንድ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ተከታይ የተሸነፈው የቀድሞ መሪ ራሱ ነው፤ ልጆቹ ያሉበትን ቤት ጥሎ አይሄድም፣ የደረቱ ቅላት ግን ጥሎት ይሄዳል። በዕድሜ እኩያ የሆኑ ሁለት አውራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ደማቅ ቀይ፣ ሌላው ገርጣ ያለ ሮዝ ሆነው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቅላቱ ከቀለም ሳይሆን ከደም የሚመጣ ነው። ከቆዳው ሥር ባሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚያልፈው ደም ሲበዛ ደረቱ ይቀላል፣ ሲያንስ ይገረጣል። በኩሬ ከሚረባው ወርቃማ ዓሣ (ጎልድፊሽ) ጋር ሲነጻጸር በደምና በቀለም መካከል ያለው ልዩነት ይጎላል። በቻይና ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲረባ የኖረው ይህ ዓሣ ከእንቁላሉ የሚወጣው ወርቃማ ሆኖ አይደለም፤ መጀመሪያ ደብዛዛ፣ ወደ ነሐስና ወይራ የሚያደላ መልክ አለው። ወራት ሲያልፉ ጥቁሩን ቀለም የያዙት የቆዳው ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ከሥር የነበረው ብርቱካናማ ይወጣል። ውኃው ሲሞቅ ለውጡ ይፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። የዓሣው ለውጥ የሕዋስ ሞት ስለሆነ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል፤ የጭላዳው ደረት ግን የደም ፍሰት ስለሆነ ወዲያም ወዲህም ይላል።

በጭላዳው ጎረቤቶችም ቀለምና ዕድሜ የተያያዙ ናቸው። በጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ሲወለድ ከሰል መሳይ ነው፤ የሚቀላው በኋላ ነው። በአንኮበር ገደሎች ላይ የሚያንዣብበው ባለ ጢሙ ጥንብ አንሳም በልጅነቱ ጠይም ሆኖ ይቆይና የአዋቂ ላባውን ለመልበስ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። የእርሱ ነገር የሚያስገርመው፣ የአዋቂው ደረት ላይ የሚታየው ዝገት መሳይ ቀለም የራሱ አለመሆኑ ነው፤ ብረት ባለበት ጭቃ ታጥቦ የሚያመጣው ነው።

በአንኮበር መንገድ ጭላዳን ለማየት ማለዳ ይመረጣል፤ ሌሊቱን ካሳለፈበት የገደል አፋፍ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቀው ያን ጊዜ ነው። የደረት ቅላትን ለማነጻጸር ለሚፈልግ ግን ማለዳ ያሳስታል። የቆዳው ሙቀት ሲጨምር ቅላቱም ስለሚጨምር፣ በብርድ የተኮማተረ አውራ ከተሻረው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ፀሐይ ከፍ ብላ፣ መንጋው በሜዳው ተበትኖ ሣር በሚነጭበት ሰዓት አውራዎቹን በአንድ ላይ ማየት ይሻላል።