ሚኒሞ በደጋው መንገድ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ የቤንዚን መኪና በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ዓይነት አየር ይተነፍሳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ወደ 2500 ትጠጋለች፤ ጉጉፍቱ ከ3000 አልፎ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከአቀስታ ወዲያ ያለችው የወሎ ቦረናዋ መካነ ሰላም ደግሞ 2600 አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። የዛሬ መኪና ልዩነቱን በኮምፒውተሩ ችሎ ያልፋል። ካርቡሬተር ያለው የድሮ መኪና ግን ኮምቦልቻ ላይ ደህና ሲያንጎራጉር ቆይቶ ጉጉፍቱ ላይ ቆም ሲል ይንገጫገጫል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ አንዳንዴም ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ያኔ ካቻቢቴ ይወጣል። የሚነካውም ሚኒሞ ነው።

ሚኒሞ ጣሊያንኛ ነው፤ ዝቅተኛው፣ ትንሹ ማለት። በመካኒክ አፍ ሲገባ፣ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ፍጥነት ሆነ። «ሚኒሞ የለውም» የተባለ መኪና እግር ሲነሳለት የሚጠፋ ነው።

ቃሉ ከመኪናው ዘግይቶ ነው የመጣው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌ በጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ አድርሶ ለአፄ ምኒልክ ያበረከተው መኪና የእንግሊዝ ሥራ ነበር። ጋራዡን ጣሊያንኛ ያስተማረው ወረራው ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን መንገድ ሠሩ፤ ሾፌርና መካኒክም አብሮ መጣ። ከድሉ በኋላ ከእነሱ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ፣ አበሻውም ከጎናቸው ቆሞ ሙያውን ከነቋንቋው ወሰደ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ፣ ባሌስትራ ሁሉም የዚያ ቅሪት ነው። ተሳፋሪ የሚያየው መሪና በር አማርኛ ሆኖ ሲቀር፣ መካኒክ እጁን የሚያስገባበት ግን ጣሊያንኛ መሆኑ ያስገርማል። (ተሳፋሪም የሚያየው ጎማ ጣሊያንኛ ሆኖ ይህን ወግ አፍርሷል።)

ደርግ ጣሊያንን የተካው በሶቪየት መኪና ነበር፤ ሆኖም ላዳም ቢሆን ዝርያው ፊያት 124 ነው። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ የተመረተበት ከተማ ቶሊያቲ እንኳ በጣሊያን ኮሚኒስት መሪ ስም የተጠራ ነው። ካርቡሬተሩም የቦሎኛው ዌበር ዘመድ ስለሆነ፣ በፊያት ሰይቼንቶ የሠለጠነ እጅ ላዳው ዘንድ ባዳ አልሆነም።

እውነቱን ለመናገር፣ የወሎን ደጋ እህል ሲያመላልሱ የኖሩት እነ ኤንትሬ ያሉ የጭነት መኪኖች ናፍጣ ናቸው፤ ካርቡሬተር አያውቁም። የሚኒሞ ጣጣ የቤንዚን ላንድሮቨሩ፣ የላንድክሩዘሩና የቶዮታ ዲኤክሱ ነው።

ጣጣው የሚመነጨው ከአየሩ ነው። መካነ ሰላም ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ካርቡሬተር የሚያስገባው ቤንዚን ደግሞ አየሩ በቀነሰው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ከፍ በተባለ ቁጥር ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ሽታውም ይሰነፍጣል።

ደህና መካኒክ ካቻቢቴውን ከማንሳቱ በፊት ሞተሩ እስኪሞቅ ይጠብቃል፣ ቾኩ መከፈቱን ያያል፣ የካንዴላና የፑንቲና ነገር ይፈትሻል። ከዚያ ሁለት ብሎኖች አሉ። አንደኛው ፍጥነቱን፣ ሁለተኛው ድብልቁን ይይዛል። የድብልቁን ብሎን ሞተሩ መንተባተብ እስኪጀምር ድረስ ቀስ እያለ ያጠብቃል፤ ድምፁ እስኪሰበሰብ ድረስ መልሶ ያላላል፤ ከፍ ያለውን ፍጥነት በሌላው ብሎን ያወርዳል፤ እንደገና ይመለሳል። ጀማሪ እስከ መጨረሻው ጨምቆ ያጠብቅና የብሎኑን ሹል ጫፍ ያበላሻል፤ ያ ካርቡሬተር ከዚያ ወዲህ ልክ አይገባም። ምንም ቢጠመዘዝ ድምፁ ካልተለወጠ ደግሞ ጥፋቱ ብሎኑ ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው፤ ለምሳሌ በካርቡሬተሩ ሥር ባለ ጋርኒስዮን በኩል አየር እየገባ ሊሆን ይችላል።

መካነ ሰላም ላይ ይህ ሁሉ ተደርጎም ሥራው አያልቅም። ከከተማዋ ወደ ጎጃሟ ጉንደወይን የሚሄደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይሻገራል። ለደጋው ቤንዚኑ የተቀነሰበት ሞተር በረሃው ውስጥ ይርበዋል፤ ፍሪሲዮን በተረገጠ ቅጽበት ሊጠፋ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ሞተር ጠፋ ማለት ደግሞ በሞተሩ ጉልበት የሚታገዘው ፍሬንም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይከብዳል ማለት ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ለሁለቱም ፍጹም ያልሆነ፣ ሁለቱንም የሚያሻግር መሃል ላይ ያቆመዋል። በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ የማይገኝ ልክ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ ካርቡሬተር የያዘው ዲኤክስም ዓመት በዓመት እየሳሳ ነው። ሚኒሞ ግን ጌታ አላጣም። የመካነ ሰላምን አቧራ የሚያቦነው ባጃጅ ከኋላው ትንሽ ካርቡሬተር ተሸክሟል፤ ሲጠፋበት ሹፌሩ የኋላውን ክዳን ከፍቶ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ፣ ካቻቢቴውን ሩብ ዙር ያዞራል።