«ባቦ» እና «ፓፓ»፦ የጣሊያኖች የቤት ቃላት ታሪክ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ብቻ አይገኝም፤ ልጆች ወላጆቻቸውን በሚጠሩበት ቃልም ይገኛል። ጣሊያኖችን እንውሰድ።

በላቲን ወንድም «ፍራቴር»፣ እኅት «ሶሮር» ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ቃላቱን ለራሷ ወሰደቻቸው፤ «ፍራቴ» መነኩሴው፣ «ሱኦራ» መነኩሲቷ ሆኑ። ለቤተሰብ የቀሩት የቁልምጫ ስሞቹ «ፍራቴሎ» እና «ሶሬላ» ናቸው። እኛስ «አባ»ን ለመነኮሳት ትተን ቤታችን ውስጥ «አባዬ»፣ «አባባ» እንል የለምን?

«ኒፖቴ» የልጅ ልጅም፣ የወንድም ወይም የእኅት ልጅም ነው። የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት የወንድምና የእኅት ልጆቻቸውን ካርዲናል እያደረጉ ስለሾሙ፣ በዝምድና መሿሿም «ኔፖቲዝም» ተባለ። ልማዱን በአዋጅ ያገዱት ኢኖሰንት 12ኛ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1692።

ወደ አባት ስንመጣ፣ ፍሎሬንሳዊው ዳንቴ ስለ ቋንቋ በላቲን በጻፈው መጽሐፉ «ማማ» እና «ባቦ» የሕፃናት ቃላት ናቸውና ለከፍተኛ ግጥም አይመጥኑም ብሎ ነበር። ሲኦልን በገለጸበት ታላቅ ሥራው ግን ሁለቱንም ራሱ አስገባቸው።

የሚገርመው፣ ብሔራዊው ጣሊያንኛ የተገነባው በዳንቴ አገር በቶስካና ንግግር ላይ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ በአብዛኛው ጣሊያን አባት የሚጠራው ከፈረንሳይኛ በመጣው «ፓፓ» ነው። የቶስካና ልጅ ግን እስከ ዛሬ «ባቦ» ይላል። ቃሉን ያቆየለት አዋጅ አይደለም፤ አባቱም አያቱም በዚያው ሲጠሩ መስማቱ ነው።

በባዕድ አገር «ዳዲ» ስንባል «አቤት» የምንል አባቶች ይህን ልናስብበት ይገባል። ልጆቻችን ፊደሉን ባይደርሱበት እንኳ፣ «አባዬ» የምትለዋን ቃል አንንፈጋቸው።